የጦር ሜዳ ሜዳይ የሚመዝነው ምንድን ነው?

ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሲከበር ወይም የጦር ሜዳ ሽልማት ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ቡና ቤቶች እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ተመሳሳይ ክርክር ይሰማል። አንዱ «ሜዳዩ ሁሉ ለአዛዦች ሄደ፤ ምሽግ ውስጥ የከረመውስ?» ይላል። ሌላው በደርግ ጊዜ የተሸለመ ዘመዱን አንሥቶ ያ ሜዳይ ዛሬ ምን ዋጋ እንዳለው ይጠይቃል። ሦስተኛው ጄኔራል ተብሎ መሾምንና ሜዳይ መሸለምን ለይቶ አያያቸውም። ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነሣው ነው፦ የአገር ልጅ ከአገር ልጅ በተዋጋበት ጦርነት ጀግና ተብሎ መሸለም ምን ማለት ነው?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሜዳይ እንደ ሚዛን ስለሚታይ ይመስላል። የበለጠ የደፈረ የበለጠ ይሸለማል፣ ያልተሸለመ አልደፈረም ወይም ተበድሏል ተብሎ ይታሰባል። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሜዳይ የሚሰጠው ለታየ፣ ለተመሰከረለትና ለተጻፈ ጀብዱ ነው። ድፍረት አንድ ነገር ነው፣ ስለ ድፍረቱ የቀረበው ምስክርነት ሌላ። አብዛኛው ቅሬታ የሚወለደው በሁለቱ መካከል ካለው ክፍተት ነው።

ስሞቹን ለይቶ ማየት

«ኒሻን» ከፋርስና ከቱርክ አካባቢ ወደ ብዙ ቋንቋዎች የገባ፣ መነሻ ትርጉሙ ምልክት የሆነ ቃል ነው። በጥብቅ ትርጉሙ ደረጃዎች ያሉትን የክብር ማዕረግ ያመለክታል። የሰሎሞን ኒሻን፣ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ የሥላሴ ኒሻን የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህን የውጭ ነገሥታት፣ አምባሳደሮችና ሚኒስትሮችም ተሸልመዋቸዋል፤ ጥይት ሰምቶ የማያውቅ ሰው ባለ ኒሻን ቢሆን ስህተት አልነበረም።

«ሜዳይ» እና «ሜዳሊያ» ግን አንድ ዕቃ ናቸው። የመጀመሪያው ከፈረንሳይኛ፣ ሁለተኛው ከጣሊያንኛ ድምፅ ይቀርባል። ዛሬ ሠራዊቱ ሜዳይ ማለትን ሲያዘወትር ስፖርቱ ሜዳሊያን ይዟል። «ሪባን» የሚባለው በዘወትር የደንብ ልብስ ላይ በሜዳዩ ፋንታ የሚደረገው ባለ ቀለም ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ማዕረግ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ለብርሃኑ ጁላ የተሰጠው ፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ እንጂ ሜዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 71 ላይ ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። ሁለቱንም የሚሰጠው ርእሰ ብሔሩ ሲሆን፣ ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ የሚሰጠው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት እንደሆነ በተለየ ንኡስ አንቀጽ ተደንግጓል። ማዕረግ ሥልጣንና ደመወዝ ይዞ ይመጣል፣ ወደፊት የሚሠራ ሥራንም ያስረክባል። ሜዳይ ስላለፈ አንድ ድርጊት የሚናገር ነው።

አንድ ልዩነት ይቀራል፤ በቤተሰብ ወሬ ውስጥ የሚጠፋውም እሱ ነው። የዘመቻ ሜዳይ በአንድ ዘመቻ ለተሳተፈ ሁሉ ይሰጣል። የጀብዱ ሜዳይ በስም ለተጠራ ሰው፣ በስም ለተጠራ ድርጊት ብቻ ነው። ወደ ኮሪያ የዘመተ የቃኘው ሻለቃ አባል የዘመቻውን ሜዳሊያ የሚያገኘው በመዝመቱ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። ይሁንና «አያቴ ሜዳይ አላቸው» ሲባል የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ክርክር ቢጀመር የሚደረስበት ቦታ የለም።

ከግዳይ እስከ ጋሻ መሬት

ከብረቱ በፊትም ምስክርነት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከውጊያ በኋላ ተዋጊው በንጉሡ ወይም በአዝማቹ ፊት እየፎከረ ያልፍና ግዳዩን ይጥል ነበር። ግዳይ ሲባል በብዙ ቦታ ከወደቀ ጠላት አካል የተቆረጠ ነገር ነው፤ ዛሬ ስናነበው ይዘገንናል። ሥራው ግን ማስረጃነት ነበር። ፉከራውም እንዲሁ የጉራ ጩኸት ብቻ አልነበረም። ጓደኞቹ ቆመው በሚሰሙበት አደባባይ የሚነገር ቃል ስለነበር፣ ያልሠራውን ሠራሁ ያለ ሰው ሐሰቱን የሚያውቁ ጆሮዎች እዚያው ነበሩ። ምስክሩ፣ ማስረጃውና ሸላሚው በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን ይገናኙ ነበር። የዛሬው ሥርዓት በወረቀትና በኮሚቴ ሊሠራው የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

ሽልማቱ ለምድ፣ ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ የራስ ጌጥ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ከነመጣምሩ የተጫነ በቅሎ፣ ወይም ከግራዝማችና ከቀኝአዝማች ጀምሮ ያለ ሹመት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሬት ነበር። የጦር መሣሪያ የሆነው ጋሻ የመሬት መለኪያም መሆኑ ብዙ ይናገራል፤ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ገደማ ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአርበኝነት ሜዳሊያና የስደተኛነት ሜዳሊያ ለይቶ አወጣ። በረሃ ለከረመና ከንጉሡ ጋር ለተሰደደ የተለያየ ምልክት መሆኑ ነው። ከጎኑም ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች የመሬት ስጦታ ቀጠለ። የሞተላት ቀርቶ የገደላት በላ የሚለው ሮሮ የዚያ ዘመን ነው። ሮሮው የተነሣው ብረት ጎድሎ አይደለም። ሹመቱንና መሬቱን በምስክር ብዛት ያገኘ ባንዳ አለ፣ ምስክር ያጣ አርበኛም ባዶ እጁን ቀረ ከሚል ነው። ያኔም ጥያቄው ማን መሰከረ የሚል ነበር።

ሐዋሳ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ቀድመው መሬት ተመርተው ከሰፈሩት መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩበት። ለአገሩ የተዋጋ ሰው እርጅናውን የሚያሳልፍበት ቦታ ማግኘቱ ለሸላሚው መንግሥትም ለተሸላሚውም ፍትሕ ነበር። በሌላ በኩል በደቡብ ለወታደርና ለሹም የተሰጠው መሬት ባዶ አልነበረም። ሲዳማው ገበሬና ከብት አርቢ ይኖርበትና ያሰማራበት ነበር፤ በብዙ ቦታም በአያቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ትዝታዎች ዛሬ በአንድ ከተማ ይኖራሉ። በአንድ ቤት «አባቴ በደሙ ያገኘው» የሚባለው መሬት፣ በሌላ ቤት «ከአባቴ የተወሰደው» ተብሎ ይታወሳል። አንዱን ውሸት ብሎ ሌላውን እውነት ማለት አይቻልም። የሽልማቱን ዋጋ የከፈለው ሸላሚው አልነበረም፤ ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ይህን ዓይነት ሽልማት ዘጋው። እስከዚያ ድረስ ብረቱ ከመሬት ጎን የሚሄድ ጌጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ከዕድገትና ከጡረታ በቀር አጃቢ አጥቶ ብቻውን ቀረ። ሜዳይ ሲሰጥ «ምን ይበላል?» የሚለው ቀልድ ከዚህ በፊት ያን ያህል ትርጉም አይኖረውም ነበር።

አንድ ድርጊት ሜዳይ እስኪሆን

በዝርዝሩ ቢለያይም የብዙ አገር ሠራዊት የሚከተለው መንገድ ተመሳሳይ ነው። ድርጊቱን ያየ ሰው ይናገራል። የቅርቡ አዛዥ ይጽፋል። ጽሑፉ በዕዝ ሰንሰለቱ እየወጣ በየደረጃው ይጸድቃል፣ ይቀነሳል ወይም ይጣላል። በመጨረሻ አንድ ቦርድ አወዳድሮ ደረጃውን ይወስናል፣ ርእሰ ብሔር ወይም ንጉሥ ይሰጣል። አብሮ የሚነበበው አጭር ጽሑፍ፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳደረገ የሚናገረው፣ የጀብዱ መግለጫ ሊባል ይችላል። በእኔ ግምት ከብረቱ የሚበልጠው ይህ ወረቀት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ጀብዱ የሚጠፋባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው እጅግ ግልጽ ነው፤ የታየ ብቻ ይጻፋል። አንድ ጓድ ምሽጉን ሳይለቅ እስከ መጨረሻው ሰው ተዋግቶ ቢያልቅ የሚመሰክርለት አይተርፍም። ጠላት ካልመሰከረ በቀር ከዚያ ጉድጓድ ሜዳይ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ከትልቅ ሽንፈት የሚወጣው ሜዳይ ከድል ከሚወጣው የሚያንሰው ተዋጊዎቹ ፈሪዎች ስለነበሩ አይደለም። መዝገብ ያዡ ሞቷል፣ ሰነዱ ተቃጥሏል፣ አዛዡ ተማርኳል።

ሁለተኛው የጻፈው ሰው ነው። ሁለት ሻለቃዎች ጎን ለጎን እኩል ቢዋጉ፣ ብዕር የሚወድ አዛዥ ያለው ሻለቃ ብዙ ሜዳይ ይዞ ይመለሳል። «እገሌ በጀግንነት ተዋግቷል» ብሎ የላከና «እገሌ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መትረየሱ ሲነክስ ሁለት ቦንብ ይዞ በግራ ጎን ዞረ» ብሎ የላከ በቦርዱ ፊት እኩል አይደሉም። ይህ አድልዎ አይባልም፤ ውጤቱ ግን አድልዎን ይመስላል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። አሜሪካኖች ለከፍተኛው ሜዳያቸው ቢያንስ ሁለት የዓይን ምስክር ይጠይቃሉ፤ ጥቆማውም በሕግ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ እንዲቀርብ ያስገድዳሉ። ትውስታ ሲቆይ ያድጋልና ገደቡ ምክንያት አለው። ዋጋም ያስከፍላል፤ ቶሎ ያልጻፈው አዛዥ ስንፍና በወታደሩ ይታሰባል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1856 የቪክቶሪያ መስቀልን ሲያቋቁሙ ለዚህ ችግር አንድ ያልተለመደ መላ አስገቡ። አንድ ክፍል በሙሉ እኩል የደፈረበት አጋጣሚ ሲኖር ተሸላሚውን ራሳቸው ይምረጡ፤ መኮንኖቹ ከመካከላቸው፣ ተራ ወታደሮቹም ከመካከላቸው በድምፅ ይለዩ የሚል አንቀጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዜብሩገ በተባለው የቤልጅየም ወደብ ላይ ከተደረገው ወረራ በኋላ ግን ተመልሶ አልተሠራበትም። ያሳዝናል፤ ምሽግ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ ከጎኑ ካለው ወታደር በላይ የሚያውቅ የለም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ኮሪያ ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ ደረሰ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም አልተማረከም። መቶ አለቃ ማሞ ኃብተወልድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 ጥቂት ሰዎች ይዘው ለቅኝት በወጡበት በብዙ እጥፍ በሚበልጥ የቻይና ጦር ተከበው ሌሊቱን ተዋግተዋል። አገራቸው ከሰጠቻቸው የጦር ሽልማት ሌላ የአሜሪካንን የብር ኮከብ ሜዳይ አግኝተዋል። የተዋጉት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር፤ ሬዲዮ፣ ዕለታዊ የውሎ ሪፖርትና ከውጊያ የተመለሰን ወታደር ወዲያው አነጋግሮ የሚጽፍ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ያለበት ሠራዊት ማለት ነው። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን በየጫካው የተደረገው ውጊያ ከዚህ አያንስም፤ ዕለታዊ ሪፖርት የሚጽፍ ግን አልነበረውም። ስለ ቃኘው በቀንና በሰዓት፣ ስለ ብዙ አርበኞች ግን በግጥም የምናውቀው ለዚህ ነው።

ተራው ወታደር ለምን ይቀራል?

«ሜዳዩ ለአዛዦች ሄደ» የሚለው ቅሬታ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ሠራዊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ዓይነት ጀብዱ ለሠሩ መኮንንና ተራ ወታደር ሁለት የተለያዩ ሽልማቶች ይሰጥ ነበር፤ ለመኮንኑ መስቀል፣ ለወታደሩ ሜዳይ። ይህ ልዩነት የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሕንዳውያን ወታደሮች ለቪክቶሪያ መስቀል ብቁ ናቸው የተባሉት እ.ኤ.አ. በ1911 ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉ ጥቁር ወታደሮች አንድም ሰው ከፍተኛውን ሜዳይ ሳያገኝ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሰነዶቹ እንደገና ተመርምረው ለ7 ሰዎች ተሰጠ። ከሰባቱ አንዱ ብቻ በሕይወት ነበሩ። ምርመራው የተቻለው የድርጊታቸው ወረቀት በመዝገብ ቤት ስለቆየ ነው።

ለአዛዥ ሜዳይ መስጠትን የሚደግፉ ወገኖች የሚሉት አላቸው። በትክክለኛው ሰዓት የተሰጠ ትእዛዝ ሺህ ሰው ያድናል፤ የአዛዥ ኃላፊነትም የራሱ ድፍረት ይጠይቃል ይላሉ። ክርክሩ ስህተት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው አመራርና ጀብዱ በአንድ ሜዳይ ሲሸለሙ ነው። እንግሊዞች በዚያው በ1993 ለውጥ አንዱን ነባር ሽልማት ለአመራር ብቻ ወስነው፣ ለጀብዱ የተለየ መስቀል አወጡ። ተመልካቹ ጄኔራሉ ለምን እንደተሸለመ፣ አሥር አለቃው ለምን እንደተሸለመ ከሜዳዩ ስም ሊረዳ ይችላል።

ሌላ የሚዘነጋ ወገን አለ። የእኛ የፉከራ ቋንቋ ጀግናን «ገዳይ» ይለዋል፤ ጀብዱም በጣለው ሰው ወይም አውሬ ቁጥር ይቆጠራል። ከዚህ ልማድ የሚነሣ ጸሐፊ ቁስለኛ ተሸክሞ ሦስት ጊዜ የተመላለሰውን፣ በመድፍ ተኩስ ውስጥ ውኃና ጥይት ያደረሰውን ሾፌር ወይም ስልክ መስመር የጠገነውን መገናኛ «ግዴታውን ተወጣ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በሌላው ዓለም ከከፍተኛዎቹ ሽልማቶች ብዙዎቹ የሄዱት ለእነዚህ ነው። የቪክቶሪያ መስቀልን ሁለት ጊዜ ካገኙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሐኪሞች ናቸው። አሜሪካዊው ዴዝመንድ ዶስ በእምነቱ ምክንያት መሣሪያ አልይዝም ብሎ በኦኪናዋ ጦርነት ቁስለኞችን ከገደል በገመድ እያወረደ አዳነ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የአገሩን ከፍተኛ ሜዳይ ሲሸለም አንድም ሰው አልገደለም ነበር። «ጀብዱ» የሚለው የአማርኛ ቃል ለዚህ ሰፊ ነው፤ መግደልን አያስገድድም።

መንግሥት ሲወድቅ ሜዳዩ የት ይሄዳል?

በኢትዮጵያ የዚህ ጉዳይ ዋና ቁስል እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በ1967 እና በ1983 ዓ.ም.፣ ሸላሚው መንግሥት ፈርሷል። በሁለቱም ጊዜ ተሸላሚው ከነሜዳዩ ባዕድ ሆነ።

የቃኘው ዘማቾች ለንጉሡ ክብር ከኮሚኒስት ጋር ተዋግተው ነበር። ደርግ ሶሻሊስት ሲሆንና የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሲሆን ያ ዘመቻ የሚነገር ታሪክ መሆኑ ቀረ። ደርግ በተራው ከሶማሊያ ጦርነት የራሱን ጀግኖች አወጣ። በአየር ውጊያ ሚግ የተባሉትን የሶማሊያ የጦር አውሮፕላኖች የመቱት አብራሪው ለገሠ ተፈራ አንዱ ናቸው፤ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው ለ11 ዓመታት ገደማ በሶማሊያ እስር ከቆዩ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ምርኮኛ ሲለዋወጡ ተመልሰዋል። ታንክ በማውደም ስማቸው የሚነሣው አሊ በርኬም ከዚያው ዘመን ናቸው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ያ ሠራዊት በሙሉ ተበተነ። ኦጋዴን ላይ የተዋጋውና በሰሜኑ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋው ሳይለይ «የደርግ ወታደር» የሚል አንድ ስም ተሰጠው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከመካከላቸው፣ በተለይ ባለሙያዎቹ፣ እንደገና ተጠሩ። ችሎታቸው መንግሥት ቢለወጥም እንደሚሠራ ያኔ ታየ፤ ስለ ሜዳያቸው ግን ተመሳሳይ ነገር አልተባለም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት አለፉት? ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው ሕግ የሶቪየት ኅብረት ጀግኖችን መብትና ጥቅም እንዳለ ተቀበለች። ምዕራብ ጀርመን ከዚህ የከበደ ፈተና ነበረባት፤ የናዚ ምልክት ያለበትን ሜዳይ በአደባባይ ማድረግ አይቻልም፣ የተዋጊው ድፍረት ግን ሁሉ ወንጀል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣችው ሕግ ሜዳዮቹ ምልክቱ ተነሥቶላቸው እንዲደረጉ ፈቀደ። ድርጊቱን ከሸላሚው የለየ መፍትሔ ነው፤ ወንጀልን ይሸፍናል ብለው የሚነቅፉትም አሉ።

ተቃራኒውም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ የቀድሞ ከፍተኛ ሜዳዮቿን መርምራ የ911 ሰዎችን ስም ሰረዘች፤ አብዛኞቹ መስፈርት ባልነበረበት ዘመን በጅምላ የተሰጡ ነበሩ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1920 በጸሐፊያቸው በኩል ባስተላለፉት ሐሳብ፣ የቪክቶሪያ መስቀል ያለው ሰው በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ቢሰቀል እንኳ መስቀሉን አድርጎ እስከ መስቀያው መሄድ አለበት ብለዋል። ሜዳዩ ለአንድ ሰዓት ድርጊት የተሰጠ ነው፤ ሰውየው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ምንም ቢሆን ያ ሰዓት አይሰረዝም ማለታቸው ነው። አሜሪካኖች መስፈርቱን፣ ንጉሡ ድርጊቱን ያዙ። ሁለቱም ግን የሚያመሳክሩት መዝገብ ነበራቸው። እኛ ዘንድ መንግሥት ሲወድቅ መዝገቡም አብሮ ስለሚጣል፣ ተከታዩ መንግሥት ልሰርዝ ቢልም ላጽና ቢልም የሚያነበው ነገር ይቸግረዋል።

በወንድማማቾች ጦርነት

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመ ወዲህ ይህ ጥያቄ ለስለስ ባለ ድምፅም ቢሆን እየተደጋገመ ነው። አንደኛው ወገን ወታደር ጦርነቱን አይመርጥም ይላል። ተልኮ ሄደ፣ ከጎኑ የወደቀውን ጓዱን አዳነ፣ ምሽጉን ጠበቀ፤ ፖለቲከኞች ስለተስማሙ ያ ድፍረት አልነበረም ሊባል አይችልም። ሁለተኛው ወገን በየአደባባዩ የሚንጠለጠል ሜዳይ ለሌላው ወገን እናት በየቀኑ የሚነበብ መርዶ ነው፤ ዕርቅ የሚፈልግ አገር የድል ጌጥ አያደርግም ይላል።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ ሙሉ መልስ የለም። መሐል ላይ የሚቆም አሠራር ግን ይታያል፤ ለጦርነቱ ሳይሆን ለድርጊቱ መሸለም፣ ድርጊቱንም በዝርዝር ጽፎ ማሳተም። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1890 ዉንድድ ኒ በተባለው ቦታ ሕፃናትና ሴቶች ጭምር የተጨፈጨፉበትን ቀን «ውጊያ» ብለው ወደ 20 የሚጠጉ ወታደሮችን ከፍተኛውን ሜዳይ ሸልመው ነበር። ከ130 ዓመት በኋላ ሽልማቱ እንደገና ይመርመር የሚል ክርክር ሊነሣ የቻለው የእያንዳንዱ ሰው ስምና መግለጫ ስለተጻፈ ነው። የታተመ መግለጫ የሚገባውን ሰው ከሐሜት ይጠብቃል፣ የማይገባውንም ያጋልጣል። «ለፈጸመው ከፍተኛ ጀብዱ» ብቻ ተብሎ የሚያልፍ ሽልማት ግን ለሁለቱም አይሆንም፤ ተቃዋሚው ስለ ጭካኔ እንደተሸለመ፣ ደጋፊው ስለ ድል እንደተሸለመ አድርጎ በየፊናው ይሞላዋል።

ብዛት

ስለ ብዛት አጭር ነገር ይበቃል። የቪክቶሪያ መስቀል እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ እስካሁን ከ1,350 ጊዜ በላይ ተሰጥቷል። የሶቪየት ኅብረት ጀግና ማዕረግ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ አገሩ መፍረስ ድረስ ከ12,700 ጊዜ በላይ ተሰጥቷል። ሁለተኛዋ አገር ያየችው እልቂት ከመጀመሪያዋ እጅግ ይበልጣልና ቁጥሩን ብቻ ማነጻጸር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ትንሿን ግሬናዳ ስትወር 7,000 ገደማ ወታደር ረግጦበት ከ8,600 በላይ ሜዳይ ማደሏ ግን ማመካኛ አላገኘም፤ ለዓመታት መሳለቂያ ሆኗል። ሜዳይ የሚረክሰው ለፈሪ ሲሰጥ ብቻ ሳይሆን ለሁሉ ሲሰጥም ነው። በአንድ መድረክ ብዙ መቶ ሰው ሲሸለም እያንዳንዱ ድርጊት ስለማይነበብ ተመልካቹ ስምና ማዕረግ ብቻ ሰምቶ ይሄዳል። ከሐዋሳው ክርክር ግማሹ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በየቤቱ ያለው ወረቀት

በሥራ ላይ ያለው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ስለ ሜዳይ ይደነግጋል፤ ወደፊት የሚሰጠው ሕግ አለው ማለት ነው። ጥበቃ ሳያገኝ የቆየው ግን፣ ያለፉት ሁለት መንግሥታት የሸለሙት ነው። ጡረተኛ ወታደሮች ቀድመው በሰፈሩባቸው እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ይህ ቅርስ በመንግሥት ቤት ሳይሆን በግለሰብ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። የአባት ሜዳይ ከነጠላና ከጋቢ ጋር ተጠቅልሎ፣ ወረቀቱ ከቀረጥ ደረሰኝና ከቤት ካርታ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። የልጅ ልጆች የሚያነሡት ብዙ ጊዜ ብረቱን ነው፤ ያበራል፣ ፎቶ ያምራል። የውጭ አሰባሳቢዎች ለድሮ የኢትዮጵያ ሜዳዮች ዋጋ ስለሚሰጡም ከቤት ወጥቶ የሚሸጠው እሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ ግን የትእዛዝ ቁጥር፣ ቀን፣ የክፍሉ ስምና የፈረመው አዛዥ ስም ይኖራል። እነዚህ አራት ነገሮች ካሉ አንድ ተመራማሪ ወይም አንድ ቦርድ ነገሩን ከሌላ ሰነድ ጋር ሊያመሳክር ይችላል፤ ከሌሉ ብረቱ የማን እንደነበረ እንኳ ማረጋገጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ቀዳሚው ሥራ ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ ፎቶ ማንሣት፣ የሚያስታውስ ጓደኛ በሕይወት ካለ ቀኑንና ቦታውን እያስጠራ ቃሉን መቅዳት ነው። በኮሪያ የዘመቱት በጣም ጥቂት ቀርተዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ምሥራቅ ግንባር የነበሩት ደግሞ ትንሹ ዛሬ 65 ዓመት ያለፈው ነው።